አሮጌ ሞተር ብስክሌት ሲታደስ፤ የኋላው ጎማ አገጣጠም

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ፣ ብሎን በብሎን ፈትቶ፣ አጥቦና ቀብቶ እንደገና ማስነሣት ከእጅ ሥራዎች ሁሉ ደስ ከሚሉት አንዱ ነው። ነገር ግን ይህን ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች አብዛኛዎቹ አንድ ዓይነት ልማድ አላቸው። በመጀመሪያ የሚያዩት ሞተሩን ነው፤ ቀጥሎ የቤንዚን ጋኑን ቀለም ያስባሉ፤ ከዚያም የሚያብለጨልጭ የጭስ ማውጫ ይገዛሉ። የኋላው ጎማ ተራ የሚደርሰው ገንዘቡም ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ፣ «ዛሬ ማታ ካልነዳሁት» የሚል ጉጉት በያዛቸው ሰዓት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው እንዲህ ላለው ሰዓት ነው፤ ዳሩ ግን በመንገድ ላይ የፈሰሰ ሁሉ አይለቀምም።

ነገሩን እንዲህ አድርገው ያስቡት። ሞተሩ በመንገድ ላይ ቢጠፋብዎ ገፍተው ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። የኋላው ጎማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ድንገት ቢቆለፍ ግን የሚገፋም የሚመለስም ላይኖር ይችላል። የሞተሩ ጉልበት ወደ መሬት የሚወርደው በኋላው ጎማ ነው፤ ከሁለቱ ፍሬኖች አንደኛው ያለው በርሱ ውስጥ ነው፤ ከነጂው ጀርባ የሚቀመጠው ሰው ክብደትም የሚያርፈው በርሱ ላይ ነው። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ይህንኑ ጎማ እንመለከታለን። ጠቅላላ ምክራችንም ይህ ነው፤ በኋላ ጎማ ሥራ ጥሩ ዕቃ ብቻውን አይበቃም፤ ተራው መጠበቅ አለበት። አንዱ ዕቃ የሚታመነው ከርሱ በፊት የገባው በትክክል የገባ እንደ ሆነ ብቻ ነውና።

ለምሳሌ የምንይዘው ሞተር

በደፈናው ከመናገር አንድ የታወቀ ሞተር ይዘን ብንነጋገር ይሻላል። የእንግሊዙን ትራየምፍ እንውሰድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤድዋርድ ተርነር የተባለው መሐንዲስ ስፒድ ትዊን የተሰኘውን ባለ ሁለት ሲሊንደር 500 ሲ.ሲ. ሞተር ብስክሌት በ1937 ባወጣ ጊዜ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ፈለጉን ተከተሉ። ፋብሪካው የነበረበት የኮቨንትሪ ከተማ በኖቬምበር 1940 በጀርመን አውሮፕላኖች ከተደበደበ በኋላ ሥራው በ1942 ወደ ሜሪደን ተዛወረ። በ1949 ደግሞ 650 ሲ.ሲ. የሆነው ተንደርበርድ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሦስት ተንደርበርዶች በፈረንሳይ አገር በሞንትሌሪ የእሽቅድምድም መንገድ ላይ 500 ማይሉን በአማካይ በሰዓት ከ90 ማይል በላይ እየሮጡ ጨረሱት። ማርሎን ብራንዶ «ዘ ዋይልድ ዋን» በተባለው የ1953 ፊልም የነዳው የዚሁ ዓይነት ነው። የሜሪደን ፋብሪካ በ1983 ቢዘጋም የድሮዎቹ ሞተሮች ገና ብዙ ወዳጅ አሏቸው፤ መለወጫ ዕቃቸውም ዛሬ አዲስ እየተሠራ ይሸጣል።

የቀድሞው ስፒድ ትዊን ቴላዮ ከኋላ በኩል ሞላ የለውም፤ የጎማው ፔርኖ በቀጥታ በቴላዮው ጫፍ ላይ ይታሰራል። የኋላው ጎማ ልክ 3.50 በ19 ኢንች፣ የካቴናው ልክ 5/8 በ3/8 ኢንች ነው። ከጦርነቱ በኋላ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ካቴናው የሚዞርበት ባለ 46 ጥርስ ቀለበትና የፍሬኑ ታምቡር አንድ ወጥ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህን ልብ ይበሉ፤ ጥርሱ ካለቀ ታምቡሩም አብሮ የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሳይመረምሩ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። የእርስዎ ሞተር ቢ.ኤስ.ኤ. ወይም ኖርተን ቢሆንም ከዚህ በታች የምንለው በጥቂት ልዩነት ይሠራል።

ከመፍታት በፊት

የመግጠም ሥራ የሚጀምረው በመፍታት ነው። ጎማውን ከቴላዮው ከማውጣትዎ በፊት ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከኋላም በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሡት። ፔርኖውን ሲስቡ የሚወጡትን ራንዴላዎችና ማራራቂያ ቀለበቶች በወጡበት ተራ በቀጭን ሽቦ ላይ ይሰኳቸው፤ የግራዎቹን በአንድ ሽቦ፣ የቀኞቹን በሌላ። ማራራቂያ ቀለበት እንደ ተራ የቧንቧ ቁራጭ ይመስላል፤ ሥራው ግን ጎማው በቴላዮው መካከል የት ላይ እንደሚቆም መወሰን ነው። የግራው ወደ ቀኝ ቢዛወር ጎማው ይገባል፣ ዳዶውም ይጠብቃል፤ ነገር ግን ጎማው ወደ አንድ ወገን ተጠግቶ ይቀራል።

የቸርኬውን ሽቦዎች ለመለወጥ ካሰቡ አንዱንም ሳይቆርጡ አንድ ልክ ይውሰዱ። ቀጥ ያለ ብረት በታምቡሩ ጠርዝ ላይ አጋድመው፣ ከብረቱ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ለክተው ይጻፉ። በኋላው እምብርት ላይ ታምቡርና የካቴና ጥርስ በአንድ ወገን ስላሉ፣ ቸርኬው በእምብርቱ ልክ መካከል ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ብሎ ሊሠራ ይችላል። ይህን ቁጥር ያልጻፈ ሰው ቆይቶ ምን እንደሚገጥመው ዝቅ ብለን እናያለን።

ታምቡሩን ሲከፍቱ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የተባለ ቃጫ መሰል ማዕድን ነበረበት፤ አቧራው ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ነቀርሳን ጭምር ያመጣል። ስለዚህ በታምቡሩ ውስጥ ያለውን አቧራ በአፍዎ ወይም በኮምፕረሰር እፍ አይበሉ፤ በደረቁም አይጥረጉ። ለዚህ ሥራ የሚሆን የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው፣ በውሃ በራሰ ጨርቅ ያንሡትና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረው ያስወግዱ። የዛሬ አዳዲስ ሸራዎች ያለ አስቤስቶስ የተሠሩትን መርጦ መግዛት ይቻላል። ሌላውን ዕቃ በነጭ ጋዝ ይጠቡ እንጂ በቤንዚን አይጠቡ፤ የቤንዚን ተን ከሩቅ እሳት ይስባልና።

ቸርኬና ሽቦ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። የኋላው ቸርኬ 40 ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ ብቻውን በእጅ የሚታጠፍ ቀጭን ነገር ነው፤ አርባው እኩል ሲወጠሩ ግን ሞተሩንና ሁለት ሰዎችን ይሸከማሉ። ምሥጢሩ ያለው «እኩል» በሚለው ቃል ላይ ነው። ጥቂቶቹ ጠብቀው ሌሎቹ ከላሉ፣ ሸክሙ ሁሉ በጠበቁት ላይ ይወድቅና አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። በካቻቢቴ ጫፍ መታ መታ እያደረጉ ድምፃቸውን ያዳምጡ፤ የተወጠረው እንደ ክራር ጅማት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው።

ቸርኬውን ለማቃናት ፔርኖውን በሞርሳ ላይ አስረው ጎማውን በቀስታ ያዙሩ፤ ጠመኔ ከቸርኬው አጠገብ አስጠግተው ይያዙ። ጠመኔው የነካው ቦታ ወጣ ያለው ነው። ወደ ጎን የወጣውን ለመመለስ በወጣበት በኩል ያሉትን ሽቦዎች ማላላት፣ በተቃራኒው በኩል ያሉትን ማጥበቅ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይበልጥም። ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል እንዳይበልጥ ይጣሩ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ቀድሞ የጻፉትን ልክ ደጋግመው ያስተያዩ። ቸርኬው ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ቢዞርም ከቦታው 5 ሚሊሜትር ፈቀቅ ብሎ ከሆነ ሥራው ገና አላለቀም።

በመጨረሻ ከሽቦዎቹ ዳዶ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚያሾለውን ጫፍ ሁሉ በሞረድ ይሙሙ፤ በላዩም የቸርኬውን የላስቲክ መቀነት ያልብሱ። ይህ ከተዘለለ የውስጡን ጎማ የሚበሳው የመንገድ ሚስማር ሳይሆን የራስዎ ሽቦ ይሆናል።

ኩሽኔታ

ኩሽኔታ ሁለት ቀለበት አለው፤ የውጭውና የውስጡ። በመካከላቸው ያሉት ኳሶች እንደ መስተዋት የለሰለሰ መሄጃ አላቸው። አዲስ ኩሽኔታ ወደ እምብርቱ ሲያስገቡ መገፋት ያለበት የውጭው ቀለበት ብቻ ነው፤ በፔርኖ ላይ ሲያስገቡ ደግሞ የውስጡ ብቻ። በተሳሳተው ቀለበት ላይ መዶሻ ያረፈ እንደ ሆነ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና በመሄጃው ላይ ጥቃቅን ጠባሳ ይተዋል። ያን ዕለት ምንም አይታይም፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ግን እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ይጀምራል። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው ብዙ ኩሽኔታ የሚሞተው በመንገድ ሳይሆን በመግጠሚያው ቀን ነው። የውጭውን ቀለበት ልክ የሆነ ቧንቧ ተጠቅመው በሞርሳ እየጨመቁ ማስገባት ከመዶሻ ይሻላል። እምብርቱ አሉሚኒየም ከሆነ እስከ 100 ዲግሪ ያህል ቢሞቅ ሰፋ ይልና ኩሽኔታው ያለ ትግል ይገባል።

ኩሽኔታውን በቦታው የሚይዘው ባለ ጥርስ ቀለበት በአንዳንዶቹ እምብርቶች ላይ በግራ ዙር የሚጠብቅ ነው። አልፈታ ያለን ቀለበት በመሮ ከመምታትዎ በፊት ጥርሱ ወዴት እንደሚያዘነብል አስተውለው ይመልከቱ፤ ወይም የሞተሩን መጽሐፍ ያንብቡ።

ከሁሉም በላይ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የሚገባውን ማራራቂያ ቱቦ አይርሱ። ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው ግን ትልቅ ነው። የፔርኖው ዳዶ ሲጠብቅ ኃይሉ ከአንዱ ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚህ ቱቦ ነው። ቱቦው ከሌለ፣ ወይም ተሞርዶ ካጠረ፣ ዳዶው ሁለቱን የውስጥ ቀለበቶች ወደ መሐል ይጫናቸዋል፤ ኳሶቹም በጎን ይጨፈለቃሉ። ጎማው ከዳዶው መጥበቅ በፊት ቀሎ ይዞር የነበረ፣ ከጠበቀ በኋላ ግን የከበደ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ቱቦ ነው።

ግሪስ በኳሶቹ መካከል በጣት እየተጫነ ይሞላ፤ የእምብርቱ ባዶ ቦታ ግን እስከ አፉ አይሞላ። የበዛ ግሪስ ሲሞቅ ይቀልጥና መውጫ ይፈልጋል፤ በአቅራቢያው የሚያገኘው መውጫ ደግሞ የፍሬኑ ታምቡር ነው። ግሪስ የጠጣ ሸራ ቢያጥቡትም አይመለስምና መለወጥ አለበት። ከኩሽኔታው ጎን ያለውን መከላከያ ቀለበት ሁልጊዜ አዲስ ማድረግ የሚገባውም ስለዚሁ ነው።

ፍሬንና ማገጃው ዘንግ

ታምቡሩን በውስጡ ጣትዎን እያዞሩ ይፈትሹት። ጥልቅ ጭረት ካለው፣ ወይም ጎማው ሲዞር ሸራው በአንድ ቦታ ብቻ የሚነካው ከሆነ፣ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል ማለት ነው። ቶርኖ ያለው ባለሙያ ጥቂት ሊያስተካክለው ይችላል፤ ነገር ግን የተላጠ ብረት አይመለስምና ከመጠን በላይ ሳስቶ እንደ ሆነ በአዲስ መለወጥ ነው። ሸራዎቹን የሚለጥጠውን ብረት በጣም በጥቂቱ ግሪስ ይቀቡት። የሸራዎቹን የፊት ጫፍ በሞረድ ትንሽ ገደል ያድርጉት፤ ስለታም ጫፍ ታምቡሩን ይነክስና ፍሬኑ ያንቀጠቅጣል፣ ወይም ይጮኻል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነጥብ ደርሰናል። ሸራዎቹ የተቀመጡበት የፍሬን ሳህን በፔርኖው ላይ የተሰካ ስለ ሆነ በራሱ ከመዞር የሚከለክለው ነገር የለም። ፍሬን ሲይዙ ሸራው ታምቡሩን ይነክሳል፤ ታምቡሩ ደግሞ ከጎማው ጋር እየዞረ ሳህኑን አብሮ ሊያዞረው ይታገላል። ይህን ትግል የሚችለው ከሳህኑ ወደ ቴላዮው የሚሄድ አንድ አጭር የብረት ዘንግ ነው። እኛ ማገጃ ዘንግ እንበለው። ኒኬል የተቀባ አይደለም፤ አያብለጨልጭም፤ ሞተሩም ያለ እርሱ ይነሣል፣ ይሄዳል። ያለ እርሱ ማቆም ብቻ አይቻልም። ዘንጉ ከሌለ፣ ወይም ብሎኑ ወልቆ ከወደቀ፣ መጀመሪያ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ሳህኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ የፍሬኑን መሳቢያ ይገነጥላል ወይም ይጠመጥማል፤ ጎማውም ሊቆለፍ ይችላል። ነጂው ፍሬን የያዘው ደግሞ ከፊቱ የሚያስፈራ ነገር ስላየ ነው።

ስለዚህ የዚህ ዘንግ ብሎኖች አዲስና ጠንካራ ይሁኑ፤ ዳዶዎቻቸውም በኮፒሊያ ወይም በራሱ በማይላላ ዓይነት ዳዶ ይታሰሩ። አንድ ጊዜ ያገለገለ ኮፒሊያ አቅንቶ መልሶ መክተት ክልክል ነው ብለው ይያዙት፤ የአዲሱ ዋጋ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ነው።

ጎማው

በአሮጌ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ይገኛል፤ ባለቤቱም «ገና አዲስ ነው» ይላል። ጎማ ግን በመሄድ ብቻ ሳይሆን በመቆምም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ በጎኑም ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ አራት አኀዝ ያለው ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ባለ ሦስት አኀዝ ቁጥር ያለው ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር አይንዱበት።

ጎሚስታ ዘንድ ቢወስዱትም ራስዎ ቢያለብሱት፣ የውስጡ ጎማ ክብ እስኪይዝ ድረስ ጥቂት አየር ይኑረው፤ በብረቱ ተቆንጥጦ እንዳይበሳ የሚረዳው ይህ ነው። ጠርዙን በሳሙና ውሃ ያርጥቡት፤ የማልበሱን ሥራ አየር መሙያው ባለበት በኩል ይጨርሱ። በጎማው ጎን ላይ ቀስት ካለ የአዟዟሩን አቅጣጫ ያመለክታል። አየር መሙያው ቀጥ ብሎ ወደ እምብርቱ ይመልከት፤ ካዘነበለ የውስጡ ጎማ ተንሸራቶ እየተጎተተ ነውና ሳይነቀል ይስተካከል።

ካቴናውና የጎማው ቀጥታነት

የካቴናው ጥርሶች እንደ መንጠቆ ታጥፈው እንደ ሆነ ዕድሜያቸው አብቅቷል። አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ማልበስ አዲሱን ማባከን ነው፤ የፊቱም፣ የኋላውም ጥርስና ካቴናው አንድ ላይ ይለወጡ። የካቴናውን ሁለት ጫፎች የሚያገናኘው መቆለፊያ አንድ ወገኑ ክፍት፣ አንድ ወገኑ ዝግ ነው፤ ዝግ ወገኑ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። በተገላቢጦሽ ከገባ ማንኛውም ድንጋይ ወይም ብረት ክፍቱን አፍ መትቶ ሊያወልቀው ይችላል። ካቴናው ሲበጠስ ደግሞ በጥርሱና በቴላዮው መካከል ተጠቅልሎ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል።

ጎማውን ቀጥ ለማድረግ በቴላዮው ላይ ያሉትን የፋብሪካ ምልክቶች ብቻ አይመኑ፤ ብዙ ዓመት የኖረ ቴላዮ ወድቆ፣ ተጣሞና ተበይዶ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው ሲባጎ ነው። ሲባጎውን በኋላው ጎማ ጀርባ አዙረው በሁለቱም ጎን እስከ ፊተኛው ጎማ ድረስ ይወጥሩ፤ መሪውን ቀጥ ያድርጉ። በስፒድ ትዊን የፊቱ ጎማ ስፋት 3.25 ኢንች፣ የኋላው 3.50 ስለ ሆነ፣ ሲባጎው የኋላውን ጎማ በሁለት ቦታ ነክቶ ሲያልፍ ከፊተኛው ጎማ በግራም በቀኝም 3 ሚሊሜትር ያህል ይርቃል። በአንዱ በኩል የሰፋ፣ በሌላው የጠበበ ከሆነ የኋላው ጎማ ተጣሟል ማለት ነው።

ቀደም ብለን ያጻፍነው ልክ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ቸርኬው ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ተወጥሮ እንደ ሆነ፣ ሲባጎው ሲስማማ ካቴናው ይጣመማል፤ ካቴናው ሲቀና ሲባጎው ይጣመማል። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ዳዶ ሲያላላና ሲያጠብቅ ይውላል፤ ስሕተቱ ግን ያለው በዳዶው ላይ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት በተወጠሩት ሽቦዎች ላይ ነው። ተራ ይበልጣል ያልነው ስለዚህ ነው።

የካቴናው ልቅነት በታችኛው መስመር መካከል ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ 20 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል አይሳብም፤ ስለዚህ ጎማውን እያዞሩ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ይፈልጉና በዚያ ላይ ይለኩ። ከኋላ ሞላ ባላቸው ሞተሮች ጎማው ከፍና ዝቅ ሲል ልቅነቱም ስለሚለዋወጥ የሞተሩ መጽሐፍ የሚለውን መከተል ይገባል።

የማጥበቂያው ተራ

ዕቃው ሁሉ በቦታው ከገባ በኋላ ተራው ይህ ነው። በመጀመሪያ የካቴናውን ልቅነት ያበጁ። ሁለተኛ ጎማውን በሲባጎ ያቅኑ። ሦስተኛ የማገጃውን ዘንግ ብሎኖች በቦታቸው ያስገቡ፣ ነገር ግን ገና አያጥብቁ። አራተኛ የፍሬኑን ፔዳል አንድ ሰው በእግሩ አጥብቆ ይርገጥልዎ፤ ሸራዎቹ ታምቡሩን ሲይዙ ሳህኑ በራሱ ወደ ትክክለኛው መካከል ይመጣል። ፔዳሉ እንደ ተረገጠ የፔርኖውን ዳዶ ያጥብቁ፤ ቀጥሎም የማገጃውን ዘንግ ያጥብቁ። አምስተኛ ካቴናውንና ሲባጎውን እንደገና ይለኩ፤ ዳዶ ሲጠብቅ ጎማውን ትንሽ መሳቡ የተለመደ ነው። በመጨረሻ የፍሬኑን መሳቢያ አበጅተው ኮፒሊያዎቹን ያጥፉ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ዳዶው የጠበቀ እንደ ሆነ ከሁለቱ ሸራዎች አንዱ ብቻ ይሠራል፤ ነጂውም «የድሮ ሞተር ፍሬን እንዲሁ ነው» እያለ ዕድሜውን በግማሽ ፍሬን ይነዳል።

ሊከፈት የማይገባው እምብርት

ስለ ትራየምፍ ከተናገርን አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንሰጥ ማለፍ አይገባም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ፋብሪካው ቴላዮውን ሳይለውጥ የመንገዱን ንረት ለማብረድ ሲል ሞላዎቹን በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ከተታቸው። ይህም የተርነር ሐሳብ ነበር። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች 2 ኢንች ያህል ይንቀሳቀሳል፤ የሚንቀሳቀሰውም ጎበጥ ባለ መስመር ላይ ስለ ሆነ የካቴናው ልቅነት ብዙ አይለወጥም። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። እንዲህ ያለ እምብርት ያለውን ጎማ ከሌላው የሚለዩት በትልቅነቱና በክብደቱ ነው።

በውስጡ ያሉት ሞላዎች ግን በብርቱ ኃይል ተጨምቀው የተዘጉ ናቸው። ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ የሌለው ሰው ክዳኑን የከፈተ እንደ ሆነ ሞላው እንደ ጥይት ተወርውሮ ፊቱን ወይም እጁን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ሞተርዎ ይህን እምብርት የያዘ ከሆነ ጎማውን ማውጣት፣ ሽቦውን ማቃናት፣ ፍሬኑን ማደስ ይችላሉ፤ የሞላውን ሳጥን ግን ሥራውን ለሚያውቅና መሣሪያው ላለው ባለሙያ ይተዉት።

የመጀመሪያው ጉዞ

ሞተሩን በማቆሚያው ላይ እንዳለ ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩ፤ ድምፅ ሳያሰማ ብዙ ዙር ሊዞር ይገባል። ቸርኬውን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁ፤ የሚንቋቋ ነገር አይኑር። ከዚያ ሰው በማይበዛበት ሜዳ ላይ ቀስ ብለው እየነዱ ፍሬኑን ደጋግመው በልስላሴ ይያዙ፤ አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ድረስ ሙሉ ጉልበት የለውም። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ቆመው እጅዎን ወደ እምብርቱ በጥንቃቄ ያስጠጉ። ለብ ያለ እንደ ሆነ ደኅና ነው፤ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ሸራው አልለቀቀም፣ ወይ ኩሽኔታው ተጨንቋል፤ ምክንያቱን ሳያገኙ አይቀጥሉ። ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ ሽቦውን፣ ካቴናውንና ዳዶዎቹን በሙሉ እንደገና ይመልከቱ፤ አዲስ ዕቃ ቦታ ቦታውን ሲይዝ መላላቱ አይቀርም።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስብዎ። ሞተሩ ታድሶ ሲያልቅ መንገድ ዳር የሚቆመው ተመልካች ቀለሙን ያደንቃል፣ ድምፁንም ያደንቃል። የማገጃውን ዘንግና የማራራቂያውን ቱቦ የሚጠይቅ ማንም የለም። ሆኖም አንድ እሑድ ጧት ልጅዎ ወይም ባለቤትዎ ወይም ጎረቤትዎ ከኋላዎ ወጥቶ ወገብዎን ይይዛል። እርሱ የተቀመጠው በኋላው ጎማ ላይ ነው፤ ዳዶዎቹን ያጠበቀው ግን እርሱ አይደለም። የሚተማመነው በእርስዎ እጅ ብቻ ነው። እንግዲያው ሰው ከኋላዎ ከማስቀመጥዎ በፊት ኮፒሊያዎቹን አንድ ሁለት ብለው ይቍጠሩ፤ ቁጥሩ ከጎደለ ጉዞው ለሌላ ቀን ይቆይ።